ታንትራን ለመሞከር ያሰበ ጀማሪ ምን ይጠብቀዋል? በምንስ ይጀምር?

አዲስ አበባ ውስጥ «ታንትራ» የሚለው ስም ሰው ጆሮ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ የቴሌግራም የማሳጅ ማስታወቂያ፣ ሌላው ባልና ሚስት ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚተነፍሱበት አጭር ቪዲዮ። ሁለቱም ጀማሪውን በተሳሳተ ተስፋ ይልኩታል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የሚሠራው ቁጭ ማለት፣ ትንፋሽን መከታተል፣ ሰውነትን ማዳመጥ፣ ከሰው ጋር ሲሆን ደግሞ ያለ ይሉኝታ «አይሆንም» ማለትን መልመድ ነው። አብዛኛው ቀን ምንም አይሰማም። በሁለተኛው ቀን እሳት በጀርባችሁ ከወጣ፣ ወይ አተነፋፈሳችሁ ተዛብቷል፣ ወይ አንድ የሚሸጥላችሁ ነገር ያለው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጧል።

መጀመሪያ በዚህ አንድ ስም የሚጠሩትን ሦስት ነገሮች ለዩ፤ የሚበዛው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጥንታዊው ነው። ህንድ ውስጥ ከ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በሂንዱም በቡድሃም ወገን «ታንትራ» የሚባሉ መጻሕፍትና በእነሱ ዙሪያ ያደገ የአምልኮ ሥርዓት አለ። በሂንዱው ወገን ሺቫ የተባለው አምላክና ሻክቲ የተባለችው እንስት አምላክ መሀል ላይ ናቸው። ወደ ሥርዓቱ የሚገባው መምህሩ በሚሰጠው ዲክሻ፣ ማለትም በመግቢያ ሥርዓት ነው፤ ከዚያ ማንትራ የተባለው ተደጋግሞ የሚባል ቅዱስ ቃል፣ ማንዳላ የተባለው የአምልኮ ሥዕል፣ ሙድራ የተባለው የእጅ ምልክት፣ ረጅም የየዕለት ሥነ ሥርዓት ይከተላል። የቲቤት ቡድሂዝም ይህን እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል። በሂንዱው ወገን በ1000 ዓመት ገደማ ካሽሚር ውስጥ የኖረው አቢናቫጉፕታ ትልቁ ተንታኝ ነው። የመጻሕፍቱ አብዛኛው ክፍል ስለ ማንትራ፣ ስለ መሠዊያና ስለ ሥርዓት አፈጻጸም ነው። የወሲብ ሥርዓት በአንዳንድ ቅርንጫፎች ውስጥ ብቻ፣ ዲክሻ ላላቸው ጥቂቶች የተፈቀደ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በሐሳብ በመሣል ወይም ሌላ ነገር በምትኩ በማቅረብ ይፈጸም ነበር። ካማሱትራ የተባለው የጥንት ህንድ የፍቅርና የወሲብ መጽሐፍ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ታንትራ አይደለም።

ሁለተኛው አዲሱ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፒየር በርናርድ የተባለ ሰው አሜሪካ ውስጥ «ታንትራ» ብሎ ማስተማር ጀመረ። በ1970ዎቹ ህንዳዊው መምህር ራጅኒሽ፣ በኋላ ኦሾ የተባለው፣ ህንድ ፑኔ ላይ ከምዕራቡ የሥነ ልቦና ሕክምናና ከእንቅስቃሴ ጋር ቀላቀለው። ዛሬ ለጥንዶች የሚሰጠው ሥልጠና፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱ፣ አብሮ መተንፈሱ የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። አዲስ ስለሆነ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ጥንታዊ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ።

ሦስተኛው የማሳጅ ንግዱ ነው። ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ስለ ቻክራም፣ በሰውነት ውስጥ አሉ ስለሚባሉት የኃይል ማዕከላት፣ አንድ ነገር እዚሁ ይነገር። ሰባት የቀስተ ደመና ቀለማት ያሉት ሥዕል ከጥንት የመጣ አይደለም። ስድስት ሲደመር አንድ የሚለው ዝርዝር ሊስፋፋ የቻለው በ1577 የተጻፈ አንድ የሳንስክሪት ጽሑፍ በ1919 በእንግሊዝኛ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው፤ የቀስተ ደመናው ቀለም ደግሞ ከዚያም በኋላ ምዕራባውያን የጨመሩት ነው። በጥንቶቹ መጻሕፍት ቁጥሩ አምስትም ስድስትም ዘጠኝም ይሆናል። ስለዚህ «አራተኛው ቻክራዬ አልከፈት አለኝ» ብላችሁ ገንዘብና እንቅልፍ አትጨርሱ።

የእምነት ጉዳይ

ይህን ጥያቄ «ዝም ብሎ ስፖርት ነው» ብሎ ማለፍ ቅንነት አይደለም። ጥንታዊው ታንትራ አምልኮ ነው። ብዙዎቹ ማንትራዎች የአማልክት ስም ናቸው፤ ዲክሻ መቀበልም ወደ ሌላ ሃይማኖት ሥርዓት መግባት ነው። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነ ሰው ይህን አውቆ መወሰን አለበት። ትንፋሽን መከታተል፣ ሰውነትን ክፍል በክፍል ማዳመጥና ለትዳር ጓደኛ ጆሮ መስጠት ግን የማንንም ስም ሳይጠሩ ይሠራሉ፤ ይህ መመሪያም የቆመው በእነሱ ላይ ነው። ልባችሁ ከከበደ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኡስታዛችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ተደብቆ የሚሠራ ነገር ከጥቅሙ ጭንቀቱ ይበልጣል።

ማንትራ የሚጠቀሙ ሰዎች ማላ በሚባል 108 ፍሬ ባለው ክር ይቆጥራሉ። 41 ወይም 64 ፍሬ ያለውን የጸሎት መቁጠሪያችሁን ለዚህ አታውሉት። እሱ የራሱ ሥራ አለው፤ ትንፋሽ ለመቁጠር ጣት ይበቃል።

ማን መቆጠብ አለበት

የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ትንፋሽ መያዝንም ፈጣን አተነፋፈስንም ጨርሶ ይተዉ። ከዚህ በታች ያለው ዝግተኛ ትንፋሽ ለአብዛኛው ሰው ችግር ባይኖረውም፣ ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ይመረጣል። አስም ያለበት በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቱን (ኢንሄለር) አጠገቡ ያስቀምጥ። ባይፖላር ወይም ድምፅ የመስማትና ከእውነታ የመለየት ሕመም ያጋጠመው ሰው ረጅም ዝምታና የተጠናከረ የትንፋሽ ልምምድ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይጀምር። የሚወስዱትን መድኃኒት «ተፈጥሯዊ መንገድ አገኘሁ» ብሎ ማቋረጥ ትልቁ ስሕተት ነው።

ጫት ከቃማችሁ በኋላ አትሠሩ። ልብ ቀድሞውኑ ይሮጣል፤ ቁጭ ብላችሁ ስታዳምጡት ደግሞ ወደ ድንጋጤ ይቀየራል። ሦስተኛውን የቡና ሲኒ ተከትሎ መቀመጥም ያው ነው። ከምግብ በኋላ፣ በተለይ ከሽሮና ከጥብስ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ጠብቁ። የጾም ቀን ከቁርስ በፊት ያለው ሰዓት ስለዚህ ምቹ ነው።

ቤቱና ሰዓቱ

መሀል ከተማ ፍጹም ጸጥታ አይገኝም። ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወይም አራት ኪሎ የሚኖር ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ሌላው ሰፈር አዛን፣ ሜክሲኮ ላይ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወያላው ይጣራል። ጸጥታ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት ያለውን ሰዓት ያዙ፣ ስልኩን ከኔትወርክ አውጥታችሁ ደወሉን ብቻ ተዉለት፣ የሚመጣውን ድምፅ ስም ሳትሰጡ ስሙትና ወደ ትንፋሽ ተመለሱ። በጋራ ክፍል የሚኖር ሰው ቤተሰቡን «ለ10 ደቂቃ አትጥሩኝ» ቢል ይበቃል፤ ምንነቱን ማብራራት ግዴታ የለበትም።

የሲሚንቶና የሴራሚክ ወለል በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ይቀዘቅዛል። ከታች ሰሌን ወይም ምንጣፍ፣ ከላይ አራት እጥፍ የሆነ ብርድ ልብስ አድርጉ፤ ጋቢ ለትከሻ።

አሁን በጣም አስፈላጊው። ዕጣን ለማጨስ ብላችሁ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ከዚያ ይገድላል። ጀማሪ ደግሞ ማዞሩንና መደንዘዙን «ልምምዱ እየሠራ ነው» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ዕጣን ካስፈለገ ቀድማችሁ በረንዳ ላይ አጭሱት፣ ከሰሉን ውጭ ትታችሁ ግቡ፣ መስኮቱን ክፈቱ። ምንም ዕጣን ባይኖር ምንም አይጎድልም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ በትንፋሽ መሀል ያለው ክፍተት

ቪግያና ባይራቫ ታንትራ የሚባለው የካሽሚር ጽሑፍ 112 ያህል የማሰላሰያ መንገዶችን ይዘረዝራል። ከሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ትንፋሽ ገብቶ ከመውጣቱ፣ ወጥቶም ከመግባቱ በፊት ያለውን ቦታ ልብ ማለት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተገኘም፤ ዋጋም የለውም።

አቀማመጡ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መቀመጫችሁ ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም አጭር በርጩማ ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጉልበት ከዳሌ ዝቅ ካለ ወገብ ያለ ትግል ቀጥ ይላል፣ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ካለ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትጎብጣላችሁ። እግር ማጣጠፍ የሚያስቸግረው ሰው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ሳይደገፍ፣ ሁለቱን እግሮች መሬት አስረግጦ ይቀመጥ። ወንበር ያነሰ ደረጃ አይደለም። እግር ሲደነዝዝ ነርቭ ተጭኖ ነው፤ መቻል ጀግንነት ስላልሆነ አቀማመጣችሁን ለውጡ። ከዚያ በኋላ ለመነሣት አትቸኩሉ፤ በደነዘዘ እግር ቆሞ ቁርጭምጭሚቱን የሚያጥፍ ሰው አይጠፋም።

ደወሉን 10 ደቂቃ ላይ አድርጉ። አፍ ዝግ፣ ምላስ ልቅ፣ በአፍንጫ ብቻ። ትንፋሹን አታስረዝሙ፣ አታሳጥሩ። ሲገባ ተከተሉት፤ የሚያልቅበትን ቅጽበት ያዙ፤ ሲወጣ ተከተሉት፤ እዚያም የሚያልቅበትን ያዙ። ክፍተቱን መጠበቅ እንጂ መፍጠር የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ክፍተቱን ለማየት ሲል ትንፋሹን ይይዛል፣ ደረቱ ይጨነቃል፣ ቀጥሎ አየር ይናጠቃል። እንዲህ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ልባችሁ ተንፍሱና እንደገና ጀምሩ።

ሐሳብ ይሄዳል። የቤት ኪራይ፣ የአለቃ ንግግር፣ ትናንት ያልመለሳችሁት መልስ። መሄዱን ያወቃችሁበት ቅጽበት ራሱ ልምምዱ ነው፤ ራሳችሁን ሳትሰድቡ ተመለሱ። አንድ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሐምሳ ጊዜ ሄዶ ሐምሳ ጊዜ ከተመለሰ በደንብ ሠርቷል።

ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት

ትንፋሹን አሁን ትንሽ እንነካዋለን። እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ አንዱ ቁጥር አንድ ሴኮንድ ያህል ከሆነ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። ማስወጫው ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል፣ ሰውነትም አብሮ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር አጠረኝ ካላችሁ በ3 አስገብታችሁ በ4 አስወጡ፤ ቁጥሩ ለእናንተ እንጂ እናንተ ለቁጥሩ አልተፈጠራችሁም። ከቆላ ገና የመጣ እንግዳ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ቢጀምር ይሻለዋል።

ቪዲዮ ላይ የሚታየውን ፈጣን፣ አፍ የተከፈተበት፣ ደረት የሚያነፋ አተነፋፈስ ብቻችሁን አትሞክሩ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሰውነት ከሚፈልገው በላይ ሲተነፍስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፤ ደሙ ወደ አልካላይን ያዘነብላል፤ ነርቭና ጡንቻ የሚጠቀሙበት ካልሲየም ይቀንሳል። ከዚያ ከንፈር ይነዝራል፣ ጣቶች ይወጋሉ፣ እጅ ወደ ውስጥ ይኮማተራል፣ ራስ ይቀላል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። «ኩንዳሊኒህ (ከጀርባ አጥንት ሥር ይነሣል የሚባለው ኃይል) ተነሣ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቢያጋጥማችሁ አትደንግጡ፤ አፋችሁን ዝጉ፣ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ በረጅሙ አስወጡ፣ ተቀመጡ ወይም ተጋደሙ፤ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ፌስታል ወይም ወረቀት አፍ ላይ ማድረግ አያስፈልግም፤ አደጋም አለው። የደረት ሕመም ካለ ወይም ራስን መሳት ከተከተለ ግን ወደ ጤና ተቋም ነው።

በእነዚህ ሳምንታት ማታ ሰውነትን ክፍል በክፍል ማዳመጥን ጨምሩ። ጥንታዊው ታንትራ ኒያሳ የሚባል ሥርዓት አለው፤ ማንትራ እየተባለ የሰውነት ክፍሎች በእጅ ይነካሉ። የቢሃሩ ስዋሚ ሳትያናንዳ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አማልክቱንና መንካቱን ቀንሶ ዮጋ ኒድራ የተባለውን ልምምድ ከእሱ አወጣ። ስለዚህ በዮጋ ትምህርት መጨረሻ ላይ ተጋድማችሁ ከነበረ፣ ሳታውቁት ከታንትራ የተቀዳ ነገር ሠርታችኋል።

በጀርባ ተጋደሙ፤ ጋቢ ልበሱ፣ ሰውነት ሲዝናና ይቀዘቅዛልና። ከቀኝ እጅ አውራ ጣት ጀምሩ፣ ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ፣ መዳፍ፣ አንጓ፣ ክንድ፣ ብብት፣ ጎን፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ጉልበት፣ እስከ እግር ጣት። ከዚያ ግራው በተመሳሳይ፣ ከዚያ ጀርባ ከታች ወደ ላይ፣ በመጨረሻ ፊትና ሆድ። በአንዱ ክፍል ላይ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ብቻ ቆዩ፤ ሲረዝም ሐሳብ ይገባል። በጠቅላላው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። መተኛት ጥፋት አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው። በየቀኑ ከሁለተኛው እጅ በፊት የምታንቀላፉ ከሆነ ግን ቁጭ ብላችሁ አድርጉት።

አንዳንድ የሰውነት ክፍል ባዶ ይሆናል፣ ምንም አይሰማም። ሌላው ያለ ምክንያት ያሳዝናል ወይም ያናድዳል። ይህ የተለመደ ነው፤ ታሪኩን አታሳድዱት። ያለፈ ጥቃት ወይም አደጋ እንደ አዲስ የሚታያችሁ ከሆነ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ተነሡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ልምምዱን ለጊዜው አቁሙ። ይህ የሠለጠነ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታልና ሌሎችም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። የታንትራ መምህር፣ ጎበዝም ቢሆን፣ ምትክ አይሆንም።

ትራታካ የሚባለውን ሻማ የመመልከት ልምምድ የሚወድ ሰው ሊጨምረው ይችላል። ከአንድ ሜትር ትንሽ ያነሰ ርቀት፣ ነበልባሉ ከዓይን ትክክል፣ መስኮት የማያናፍስበት ቦታ። ጧፍ ቶሎ ያልቃል፣ ይንጠባጠባል፤ ወፍራም ሻማ ይሻላል። ኮንታክት ሌንስ አውልቁ። አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት፤ ዓይን ሲያነባ ጨፍኑ። እንባ እስኪወርድ መታገል ዓይን ከማድረቅ በቀር የሚጨምረው የለም።

ከሰው ጋር፦ አምስተኛና ስድስተኛ ሳምንት

ይህ ክፍል ለትዳር ጓደኛሞች ወይም በደንብ ለሚተዋወቁ ጥንዶች ነው፤ ልብስ አይወልቅም። ሁለቱም መፈለግ አለባቸው። አንዱ ሌላውን «እስቲ ለእኔ ብለህ» ብሎ ካመጣው ልምምዱ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል።

ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጡ፣ ጉልበት ለጉልበት እንዳይነካካ አንድ ስንዝር ልቀቁ። ደወሉን 3 ደቂቃ ላይ አድርጉ። እያንዳንዳችሁ የሌላውን አንድ ዓይን ምረጡ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ዓይን ያደክማል። ማርገብገብ ይቻላል። ትንፋሽ አንድ ላይ ለማድረግ አትጣሩ፤ ከመጣ ይመጣል።

እዚህ አገር ይህ ልምምድ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ታላቅን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ዓይንን መስበር ጨዋነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳቅ ይመጣል፣ ሁለተኛ ኀፍረት፣ ሦስተኛ «ምን ሆነሻል?» የሚል ጥያቄ። ሳቁን አታፍኑት፤ ስቃችሁ ተመለሱ። በጣም ከከበደ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፋችሁ ተቀመጡና የሌላውን ትንፋሽ በጀርባችሁ ስሙ፤ ብዙ ጥንድ ከዚያ ቢጀምር ይቀለዋል።

ደወሉ ሲጮህ አንዱ ለ2 ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ ራሱን አይከላከልም። ከዚያ ይቀያየራሉ። ርእሱ አሁን የተሰማው ብቻ ይሁን። የቆየ ሒሳብ እዚህ ከወጣ ምሽቱ ወደ ሽምግልና ይዞራል።

ቀጥሎ የመንካት ልምምድ። አንዱ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ዝርዝር ይሁን፦ «ለ3 ደቂቃ ቀኝ እጄን ከአንጓ እስከ ጣት ቀስ ብለህ ዳስሰኝ።» ሌላው ከሦስቱ አንዱን ይመልሳል፦ «እሺ»፣ «አይሆንም»፣ ወይም «በዚህ መልኩ ከሆነ እሺ»። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ «አይሆንም» እንዲል ግዴታ አድርጉት፣ ባይፈልግም። ምክንያት አይጠየቅም፤ ጠያቂው የሚመልሰው «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው።

ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ የመመሪያው እምብርት ነው። በይሉኝታ የሚወጣ እሺ ሞልቷል፤ ሰው ላለማሳዘን ብሎ እሺ ይላል፣ ከዚያ ሰውነቱ ይገተራል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ ፈገግታው ይደርቃል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ አትመኑ። ትንፋሽ ከቆመ፣ ትከሻ ከተነሣ፣ መልስ ከዘገየ እጃችሁን አንሡና ጠይቁ። «ቆይ» የሚለውን ቃል የሁለታችሁ ማቆሚያ አድርጉት፤ ሲባል ወዲያው ሁሉም ነገር ይቆማል። ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ ትዳርም የዘላለም ፈቃድ አይደለም።

በኦርቶዶክስ ቤት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በጾም ከሩካቤ የሚታቀቡ ጥንዶች የመንካቱን ልምምድ ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ አድርገው፣ የመደማመጡን በጾሙም ቢቀጥሉ ይስማማል።

አልጋ ላይ ምን ይለወጣል?

ከተጠበቀው ያነሰ፣ ግን የሚጠቅም። ዝግ ማለት፣ ሐሳብ ሲሄድ መመለስ፣ የሚፈልጉትን በቃል መናገር። ሰዓታት የሚፈጅ ነገር አትጠብቁ።

የወንድ ዘርን ስለ መያዝ ብዙ ይወራል። በአንዳንድ የጥንት ወጎች ዲክሻ ለተቀበሉት የታዘዘ ነገር ነበር፤ ዕድሜ ወይም ብልኅነት ይጨምራል የሚለው የሕክምና ማስረጃ የለውም። ከብልት በታች በጣት ተጭኖ ፈሳሹን ማገድ ደግሞ ወደ ፊኛ እንዲመለስ ያደርጋል፤ ይጎዳልም። ቶሎ መጨረስ የሚያስቸግረው ሰው ስሜቱ ከመብዛቱ በፊት ቆም ማለትን፣ መተንፈስንና ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ መጭመቅና በተለይም መልቀቅን ይለማመድ። ብልት የማይቆምለት ሰው መጀመሪያ ስኳሩንና ግፊቱን ይመርመር፤ የደም ሥር ችግር አንዳንዴ በዚህ ነው ቀድሞ የሚታየው።

ሕመም የሚሰማት ሴት «ክፈቺ፣ ልቀቂ» መባል አይገባትም። በ2016 የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል፤ ጠባሳና ሕመም የማሕፀን ሐኪም ጉዳይ ነው፣ የትንፋሽ አይደለም። ኮንዶምና የኤችአይቪ ምርመራም እንደ ወትሮው ናቸው፤ ልምምዱ ከምንም አይከላከልም።

አስተማሪ ሲገኝ

ከተማው ውስጥ ለጀማሪ ቀላሉ በር የዮጋ ትምህርት ነው። በአካል አቀማመጥና በትንፋሽ የሚሠራው ሃታ ዮጋ የበቀለው ከታንትራ ወገን ስለሆነ መንገዱ አይርቅም። ሰኔ 14 የሚውለው የዓለም ዮጋ ቀን ብዙ አስተማሪ አንድ ላይ የሚታይበት ስለሆነ ያን ቀን አይታችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።

«ታንትራ ማሳጅ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ቤት በአብዛኛው የወሲብ አገልግሎት ነው፤ ስሙን ተውሶ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ጥንታዊው ታንትራ ውስጥ የማሳጅ ሥርዓት የለም። ቅድሚያ በቴሌብር ላኩ የሚል፣ አድራሻ የማይሰጥ፣ ፎቶ የሚጠይቅ ካለ ማጭበርበር ወይም በኋላ በፎቶ ማስፈራራት ይከተላል።

ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ ከማን ተማርክ፣ ስንት ዓመት? ጥንታዊውን ነው አዲሱን የምታስተምረው? መነካካት አለ? ልብስ ይወልቃል? መሀል ላይ ብወጣ ገንዘቡስ? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚከፈል ደረጃ አለ? ካሜራ ይኖራል? በደንብ የሚያስተምር ሰው እነዚህን ሳይቆጣ ይመልሳል። «ይህ ምሥጢር ነው፣ ስትመጣ ታውቃለህ» ካለ አትሂዱ። ከተማሪው ጋር መተኛት የትምህርቱ ክፍል ነው የሚል፣ እምቢታን «መዘጋት» ወይም «ኢጎ» ብሎ የሚጠራ፣ ከቤተሰብና ከጓደኛ ራቁ የሚል መምህር፣ ከየትም ይምጣ፣ ያው ነው። አስገድዶ የነካችሁ ካለ ጉዳዩ የፖሊስና የሆስፒታል ነው፤ ከመታጠባችሁ በፊት ሂዱ፣ ማስረጃው እንዳይጠፋ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ለመጀመሪያ ቀን በቀን ብርሃን፣ በቡድን፣ ከጓደኛ ጋር ሂዱ። የሆቴል ክፍል ውስጥ ለብቻ የሚሰጥ «መግቢያ ትምህርት» የለም። ሙሉውን ዙር ከመክፈል በፊት ለአንድ ቀን ብቻ የሚያስከፍል ፈልጉ፤ የሚያመች ልብስ፣ ውኃና የመመለሻ ታክሲ ሒሳብ ይዛችሁ ግቡ።